ጠይቆ መብላት በኦሳካ

ሰው ከሀገሩ ሲወጣ ቀድሞ የሚፈተነው በቋንቋው ሳይሆን በሆዱ ነው። ቋንቋ ባያውቅ በእጅ ምልክት ይግባባል፤ መንገድ ቢጠፋው ጠይቆ ይመለሳል። ርሃብ ግን ቀጠሮ አያውቅም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥርም «ይህ ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ማን አዘጋጀው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለሙስሊም ደግሞ ይህ ጥያቄ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የዲንም ጥያቄ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ልጅ በምድር ላይ ካለው ሐላልና መልካም ከሆነው እንዲበላ አዟል። ሐላል ብቻ ሳይሆን መልካምም፣ መልካም ብቻ ሳይሆን ሐላልም መሆኑን ልብ ይሏል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በ2023 መኸር ወራት በጃፓኗ የኦሳካ ከተማ ያሳለፍኩት አንድ ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የታላቅ ወንድሜ ልጅ በትምህርት ዕድል ወደዚያ ሄዶ፣ ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው ሥራ ይዟል። መድረሳ ውስጥ ልጆች ሳስቀራ የኖርኩ ሰው ነኝና ዓለምን በብዛት ያየኋት በካርታ ላይ ነው። ይህ ልጅ ግን «አጎቴ፣ አንድ ጊዜ መጥተው ይዩኝ» ብሎ ትኬት ላከልኝ። በደረስኩ በአራተኛው ቀንም በአስጎብኚ የሚመራ የምግብ ጉብኝት አስያዘልኝ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ስለሆነ ላስረዳ። ጥቂት መንገደኞች ተሰብስበው አንዲት የከተማዋን ጓዳ ጎድጓዳ የምታውቅ ሴት ትመራቸዋለች። ከገበያ ወደ ጎዳና ምጣድ፣ ከጎዳና ምጣድ ወደ ውድ ምግብ ቤት እየተዘዋወሩ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይቀምሳሉ። እኛ ስምንት ነበርን። ከእነርሱ መካከል ሁለቱ ማሌዢያውያን ባልና ሚስት ሙስሊሞች ነበሩ።

ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ምሽት የወንድሜ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጫወተኝ። «አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን እጠይቅ ነበር። ሥጋው ምንድን ነው፣ ዘይቱ ምንድን ነው፣ መጠጥ ገብቶበታል ወይ እል ነበር። አሁን ግን መጠየቅ ትቻለሁ። እዚህ ሀገር ሰውን ማስቸገር ትልቅ ነውር ነው፤ ‹ሜይዋኩ› ይሉታል። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ቦታ ለመብላት ሲወስኑ እኔ ብቻ ስጠይቅ ሁሉም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ዓሣ ከመሰለኝ እበላለሁ፤ ካልመሰለኝ ጠግቤያለሁ እላለሁ።»

አልተቆጣሁትም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ነው፤ ሶላቱን አልተወም። ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ የራበው ምግብ ብቻ እንዳልሆነ ተሰማኝ። ሃይማኖቱ በሰው ፊት ሸክም የሆነበት መሰለኝ። ይህ ደግሞ በጃፓን ላለ ልጅ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በአውሮፓም፣ በአሜሪካም፣ በራሳችን ከተሞችም ልጆቻችን የሚጋፈጡት ነው። እናም በማግስቱ ጉብኝት ስወጣ ዓይኔ ከምግቡ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ሰው ሳያፍርና ሳያሳፍር እንዴት ይጠይቃል?

ኦሳካ በጃፓኖች ዘንድ የሆድ ከተማ ናት። በድሮው ዘመን ከየአውራጃው የሚመጣው ሩዝና ሸቀጥ በወደቧ ይራገፍ ስለነበር «የሀገሪቱ ማድ ቤት» ትባል ነበር። ዛሬም ስለ ሕዝቧ ሲነገር «ኩይዳኦሬ» የሚል ቃል አለ፤ በመብላት ሀብትን እስከ ማራገፍ ማለት ነው። በመሐሏ የሚያልፈው የዶቶንቦሪ የውኃ ቦይ መቆፈር የጀመረው በ1612 ሲሆን የተጠናቀቀው በ1615 ነው። በዳርና ዳሩ ዛሬ ምግብ ቤቶችና የሚያብረቀርቁ ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል። በየበሩ ላይ ክንዱን የሚያወዛውዝ ግዙፍ ሸርጣን፣ የሚተነፍስ የሚመስል ኦክቶፐስ ተሰቅሏል።

ጉብኝታችን በጠዋት የተጀመረው በኩሮሞን ገበያ ነው። ከአምስት መቶ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጣሪያ የለበሰ አንድ መንገድ ሲሆን በግራና በቀኙ ወደ 150 የሚጠጉ ሱቆች አሉበት። ዓሣው፣ ሽሪምፑ፣ የባሕር ቅጠሉ፣ የተቀመመው አትክልት ሁሉ በሥርዓት ተደርድሯል። አስጎብኚያችን በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ አጠር ያለች፣ ፈገግታዋ የማይለያት የኦሳካ ተወላጅ ናት። የወንድሜ ልጅ ያስተረጉምልኝ ነበር።

አንድ ሱቅ ፊት አቁማን የተነፋ ኳስ የሚመስል ዓሣ አሳየችን። ፉጉ ይባላል። በጉበቱና በሌሎች የውስጥ ክፍሎቹ ያለው መርዝ ሰውን ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ጃፓኖች ግን በክብር ይበሉታል። እንዴት ቢሉ፣ ይህን ዓሣ የሚያርደው ሰው ተምሮና ተፈትኖ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። የኦሳካ አውራጃ ይህን በደንብ የደነገገው በ1948 ነው። ጉበቱን መሸጥ በመላ ሀገሪቱ ከተከለከለም አርባ ዓመት አልፎታል። «ስለዚህ» አለች አስጎብኚያችን፣ «እኛ ፉጉ ስንበላ የምንበላው ዓሣውን ብቻ አይደለም፤ የቆረጠውን ሰው እምነትም አብረን እንበላለን።»

ይህን ስትናገር ወደ ወንድሜ ልጅ ዞር ብዬ አየሁት። የዓሣ መርዝ በዓይን አይታይም፤ በልተው እስኪታመሙ ድረስም አይታወቅም። ሕዝቡ መፍትሔ ያደረገው ዓሣውን መተውን አልነበረም፤ የታመነ እጅ ማዘጋጀትን እንጂ። እኛስ «ሐላል ነው» የሚል ማረጋገጫ ስንፈልግ ከዚህ የተለየ ምን ጠየቅን? ልዩነቱ እነርሱ ለሥጋቸው፣ እኛ ደግሞ ለነፍሳችንም መፍራታችን ነው።

ብዙ ሰው «ጃፓን የዓሣ ሀገር ነው፤ ሙስሊም ምን ይቸገራል?» ይላል። እኔም እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። ነገሩ ግን ያለው በመረቁና በማጣፈጫው ውስጥ ነው። የጃፓን ምግብ መሠረት «ዳሺ» የሚባል መረቅ ነው። ኮምቡ ከተባለ የባሕር ቅጠልና ደርቆ በጢስ ከታሸ፣ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ከተፋቀ ዓሣ ይሠራል። ይህ በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን በዚያ ላይ «ሚሪን» ይጨመርበታል፤ ሚሪን ከሩዝ የተሠራ፣ ከመቶ እጅ አሥራ አራት ያህሉ አልኮል የሆነ ጣፋጭ መጠጥ ነው። «ሳኬ» የተባለውም የሩዝ መጠጥ ዓሣው እንዳይሸት ይገባል። ራመን የተባለው ታዋቂ የፓስታ ሾርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ መረቁ የአሳማ አጥንት ነው። የአትክልት ነው የተባለ ሾርባም የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ ዓሣና ሩዝ ብቻ ማየት በቂ አይደለም።

በዚህ ላይ ማሌዢያዊው ሰው ዘመን የማይሽረው ታሪክ አስታወሰን። የጃፓኑ ፕሮፌሰር ኢኬዳ ኪኩናኤ በ1908 ከኮምቡ መረቅ ውስጥ ጣዕም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ጣዕሙንም «ኡማሚ» አለው። በማግስቱ ዓመት አጂኖሞቶ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፤ ዓለምንም አዳረሰ። በ2001 መጀመሪያ ላይ ግን በኢንዶኔዥያ ትልቅ ወሬ ሆነ። ቅመሙን ለማምረት የሚያገለግሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመገቡት ነገር ከአሳማ በተገኘ ኢንዛይም የተዘጋጀ መሆኑ ታወቀ። የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤት ምርቱ የተከለከለ መሆኑን አስታወቀ። በመጨረሻው ምርት ውስጥ አሳማ የለም የሚሉም ነበሩና ክርክሩ እስከ ሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ደረሰ። ኩባንያው ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ፤ ግብዓቱን ቀየረ፤ እንደገናም የሐላል ማረጋገጫ አገኘ። እነዚያ ጠያቂዎች ጥቂት የማይባል ወቀሳ ደርሶባቸው ነበር። ይሁን እንጂ መጠየቃቸው አንድ ፋብሪካ አሠራሩን እንዲያስተካክል አደረገ።

ወደ ቀትር ሺንሴካይ ወደተባለው ሰፈር ሄድን። በ1912 በማማ ዙሪያ የተቆረቆረ፣ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ የአሁኑ ማማ የቆመው በ1956 ነው። እዚህ የሚታወቀው «ኩሺካጽ» ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሽንኩርት፣ ድንች በቀጭን እንጨት ተሰክቶ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ በዘይት ይጠበሳል። በ1920ዎቹ መጨረሻ በቶሎ በልተው ወደ ሥራ ለሚመለሱ የጉልበት ሠራተኞች የተጀመረ ርካሽ ምግብ ነው። በመደርደሪያው ላይ ለሁሉም የጋራ የሆነ የስጎ ዕቃ ይቀመጥ ነበር፤ ሕጉም አንድ ነው፤ አንዴ የነከሱትን መልሶ መንከር ክልክል ነው። ከወረርሽኙ ወዲህ ብዙ ቤቶች የጋራውን ዕቃ ትተው በጠርሙስ እያፈሰሱ ያቀርባሉ። የሌላውን ሰው ምግብ በአፍህ አታበላሽ የሚለው አደብ ግን አልተለወጠም።

እዚያ አልበላንም። የተጠበሰው ድንችና ሽንኩርት ሐላል ቢሆንም የአሳማው ሥጋም የሚጠበሰው በዚያው ዘይት ነው። የወንድሜ ልጅ ለመጠየቅ ሲያመነታ አስጎብኚዋ ራሷ ቀድማ «ዘይቱ አንድ ነው፤ ለእናንተ አይሆንም» አለችን። ለእኛም ከአጠገቡ ካለ ሱቅ የተጠበሰ ስኳር ድንች ገዛችልን፤ በእሳት ብቻ የበሰለ፣ ምንም ያልተጨመረበት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ምግብ ሁሉ በጣም የጣፈጠኝ እርሱ ነው። በዕረፍቱ ሰዓት አራታችን ሙስሊሞች ከዚያ ሰፈር ብዙም ወደማይርቅ መስጂድ ሄደን ዙህር ሰገድን። በኢንዶኔዥያውያን ጥረት የፋብሪካ ሕንፃ ተገዝቶ መስጂድ የሆነ፣ በ2022 የተከፈተ ቤት ነው። ወጣት ሠራተኞች ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መጥተው ይሰግዳሉ። የወንድሜ ልጅ በመስጂዱ በር ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ተዋወቀ፤ የሐላል ሥጋ የሚሸጥበትንም ሱቅ አሳዩት።

ከሰዓት በኋላ በዶቶንቦሪ «ታኮያኪ» የሚሠራበትን ምጣድ ከበን ቆምን። ይህ ምግብ እዚያው ኦሳካ በ1935 የተጀመረ ነው። ግማሽ ኳስ በሚመስሉ ጉድጓዶች በተሞላ የብረት ምጣድ ላይ የስንዴ ሊጥ ይፈስሳል፤ በመሐሉ የኦክቶፐስ ቁራጭ ይገባል፤ ሠራተኛው በሁለት ወስፌ መሰል ብረቶች እያገላበጠ ክብ ያደርገዋል። ፍጥነቱ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት እጅ ያስታውሳል። ስምንቱ ፍሬ በዚያን ጊዜ በስድስት መቶና በስምንት መቶ የን መካከል ይሸጥ ነበር።

እዚህ የፊቅህ ትምህርት በተግባር መጣ። በሻፊዒ መዝሀብ የባሕር እንስሳ በጥቅሉ ሐላል ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ዓሣ ካልሆነ አይበላም። በሀገራችን የሁለቱም መዝሀብ ተከታዮች አሉና ሁለቱንም ማወቅ ለመከባበር ይበጃል። ማሌዢያውያኑ ሻፊዒዎች ናቸው፤ እኔም በዚሁ መዝሀብ የቀራሁ ነኝ። ስለዚህ ኦክቶፐሱ አላስቸገረንም። ያስቸገረን ስጎው ነበር። በዚህ ጊዜ ማሌዢያዊቷ እህት ከቦርሳዋ ካርድ አወጣች። በጃፓንኛ ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል፤ አሳማና ከአሳማ የሚገኝ ነገር እንደማንበላ፣ መጠጥ የገባበትንም እንደማንበላ ይናገራል። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ለሠራተኛው ሰጠችው። ወጣቱ አነበበው። የስጎውን ጠርሙስ ገልብጦ ጽሑፉን አየ። ከዚያም «ስጎው አይሆንም፤ በጨው ልሥራላችሁ?» አለ። ስለ ሊጡ መረቅም ከኮምቡና ከዓሣ ብቻ መሆኑን ነገረን። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ጠበቀ እንጂ ማንም አላጉረመረመም። በቢስሚላህ በላን።

የወንድሜ ልጅ ያንን ካርድ ደጋግሞ ሲያየው ነበር። ሁለት መስመር፣ ሁለት እጅና አንድ ጎንበስ ማለት፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነበረበትም።

ወደ መጨረሻው ምግብ ቤት ስንሄድ አስጎብኚዋ ስለ ሱሺ አጫወተችን። ዛሬ በዓለም ላይ የአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚጨርስ ሱሺ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን በዛሬዋ ቶኪዮ ሱሺ በጋሪ ላይ ቆመው የሚበሉት የጎዳና ምግብ ነበር። ቴምፑራም እንዲሁ። በሌላ በኩል በ1958 በኦሳካ አጠገብ አንድ ባለ ሱሺ ቤት ሳህኖችን በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ማዞር ጀመረና ሱሺን እንደገና ለተርታው ሰው መለሰው። እንግዲህ የከበረና የተዋረደ የምንለው ምግብ በዘመን የሚገላበጥ ነው። ትናንት በጋሪ የተሸጠው ዛሬ በነጭ ገበታ ይቀርባል።

ሌላም አለ። ጃፓን ራሷ የምግብ ክልከላን የማታውቅ ሀገር አይደለችም። በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ በተወሰኑ ወራት እንዳይበላ አዘዘ። ከዚያም በኋላ በቡድሃ እምነት ተጽዕኖ ባለ አራት እግር እንስሳ መብላት ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ነውር ሲታይ ቆየ። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1872 የበሬ ሥጋ መብላቱ ሲታወቅ ሀገሩ ተናወጠ። የዚህ ሕዝብ አያቶች «ይህን አንበላም» ማለት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህ እኛ «አንበላም» ስንል ከሌላ ዓለም የመጣ ቋንቋ እየተናገርን አይደለም።

የመጨረሻው ቦታ «ካፖ» የሚባል ዓይነት ቤት ነው፤ ባለሙያው በእንግዳው ፊት እየቆረጠና እያበሰለ ያቀርባል። ይህ አሠራር የጎለበተው በኦሳካ ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው ከሃያ ሺህ የን አያንስም። እንዲህ ባሉ ቤቶች እንግዳው የምግብ ዝርዝር አይመርጥም፤ «ኦማካሴ» ይላል፤ «ለእርስዎ ትቻለሁ» ማለት ነው። ባለሙያው የወደደውን ያቀርባል፤ እንግዳው የቀረበለትን ይበላል።

ለሙስሊም ይህ ቃል ከባድ ነው። እንዴት ብሎ ሳያውቅ «ለእርስዎ ትቻለሁ» ይላል? አስጎብኚዋ ግን ከአሥር ቀን በፊት ለባለሙያው ስለ አራታችን ጽፋለት ነበር። መጠጥ በሚቀርብበት ገበታ እንዳንቀመጥም ለእኛ የመጀመሪያውን ዙር ለብቻ ይዛ፣ ሌሎቹን ለሁለተኛው ዙር አዛውራለች። ገብተን ስንቀመጥ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠንና የተጠቀመባቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ፊታችን ደረደረ። ኮምቡ፣ ደረቅ ዓሣ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጤ፤ ሚሪንና ሳኬ የሉም። የአኩሪ አተሩ ስጎ አልኮል ያልተጨመረበት ነው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው እንዲህ አለ፦ «የሚሶ ሾርባ ማቅረብ ነበረብኝ። ነገር ግን ያለኝ ሚሶ እንዳይበላሽ አልኮል እንደተጨመረበት ማሸጊያው ላይ አየሁ። ሌላ ለማግኘት ጊዜ አልበቃኝም። ስለዚህ ዛሬ በንጹሕ መረቅ ተክቼዋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ይህ ሰው ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? የአንድ ማንኪያ ሚሶ ጣዕም በአፋችን ለይተን አናውቀውም። እርሱ ሙስሊም አይደለም፤ የኛን ክልከላ ምክንያትም ላይረዳው ይችላል። ሆኖም አደራ እንደተሰጠው አውቆ አደራውን ተወጣ። እኛ መድረሳ ውስጥ ስለ አማና ለልጆች ስንት ሰዓት እናስተምራለን! እዚያ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲተገበር አየሁ። የተጠበሰው ዓሣ፣ በትንሽ ሳህን የመጣው አትክልት፣ መጨረሻ ላይ የቀረበው ትኩስ ሩዝ ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ከሁሉ የበለጠ ግን ልቤ ያለ ስጋት መብላቱ ነበር።

ስንወጣ የወንድሜ ልጅ አስጎብኚዋን ጠየቃት፦ «ይህን ያህል ማስቸገር ሜይዋኩ አይሆንም?» እርሷም ሳቅ ብላ መለሰች። «ልጄ፣ ቀድመህ ብትነግረን ማስቸገር አይደለም፤ ለምግብ ሠሪው የሥራው ክፍል ነው። ማስቸገር ማለት ሳህኑ ከቀረበ በኋላ መመለስ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነን ደግሞ ሰው ሳይነግረን ተርቦ መሄዱ ነው።»

ልጁ መልስ አልሰጠም። ባቡር ውስጥ ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «አጎቴ፣ እኔ ነውር ያደረግሁት መጠየቁን ነበር፤ ለካ ነውሩ ሌላ ኖሯል» አለኝ።

እዚህ ላይ በተቃራኒው ወገን ያለውንም ስሕተት ማንሳት ያስፈልጋል። ሁሉን ነገር እየጠረጠሩ፣ በየገበታው መርማሪ ፖሊስ መሆን የኢስላም አደብ አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው፣ አዲስ ሰላሚዎች ሥጋ እንደሚያመጡላቸውና ሲታረድ የአላህ ስም ይጠራበት አይጠራበት እንደማያውቁ ሲነግሯቸው፣ እነርሱ ራሳቸው የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ መርተዋቸዋል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ሐላሉ ግልጽ፣ ሐራሙም ግልጽ እንደሆነ፣ በመካከላቸው ግን አጠራጣሪ ነገሮች እንዳሉ፣ ከእነርሱ የተጠነቀቀ ዲኑንና ክብሩን እንደጠበቀ ተምረናል። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ለዑለማ እተዋለሁ። ነገር ግን ከሁለቱ ሐዲሶች የምረዳው ይህን ነው፤ የጥርጣሬ ምልክት ባለበት ይጠየቃል፣ ምልክት በሌለበት በቢስሚላህ ይበላል። ሚሪን የተለመደ ግብዓት በሆነበት ሀገር ስለ መረቁ መጠየቅ አግባብ ነው፤ ስለ ተጠበሰ ስኳር ድንች ግን ሻጩን ማስጨነቅ አግባብ አይደለም። ደግሞም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን ነቅፈው አያውቁም ነበር፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል። እኛም ስንተው ፊታችንን አጨማደን የሰውን ምግብ ማንቋሸሽ የለብንም።

ጃፓኖች ሊበሉ ሲሉ እጃቸውን አጋጥመው «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደማለት ነው። በልተው ሲጨርሱም አመስግነው ይነሳሉ። ምስጋናው ለማን እንደሚደርስ እነርሱና እኛ አንድ አይደለንም። እኛ የምናመሰግነው ምግቡንም፣ አብሳዩንም የፈጠረውን ጌታ ነው። ነገር ግን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው፣ ቢስሚላህ ረስተው ለሚጎርሱ ልጆቻችን ይህ ማስታወሻ ይሆናል። ሳህን ላይ ማስተረፍም በዚያ ሀገር ነውር ነው፤ «ሞታይናይ» ይሉታል፤ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ በ2022 በጀት ዓመት በጃፓን ሊበላ ሲችል የተጣለው ምግብ 4.72 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ጥሩ ቃል ያለው ሕዝብም እንኳ ከብክነት አልዳነም። እኛም ስለ ኢስራፍ ኹጥባ እየሰማን በሠርጋችን ላይ የምንጥለውን እናስታውስ።

በሀገራችን የቆየ መልካም ልማድ አለ። ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሬውን ወይም በጉን ለይቶ፣ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱንና አብሳዩን ለብቻ ያደርጋል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ጎረቤት ቀድሞ ያውቃልና። ልጆቻችን ከዚህ ዓይነት ጎረቤት መካከል ወጥተው ወደ ሩቅ ሀገር ሲሄዱ ቀድሞ የሚያውቅላቸው ሰው አያገኙም። ስለዚህ ራሳቸው መናገር አለባቸው። የሚያፍሩት ዲናቸውን ስለጠሉ አይደለም፤ መናገርን ስላልለመዱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የወንድሜ ልጅ ቁርስ ሊገዛ ሰፈሩ ካለው ትንሽ ሱቅ ይዞኝ ገባ። የሩዝ ኳሱን ማሸጊያ ገልብጦ አሳማና መጠጥ የሚባሉት በጃፓንኛ እንዴት እንደሚጻፉ አሳየኝ። አንዱን መለሰ፤ ሌላውን ያዘ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ለመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች መልእክት ጻፈ። ዓርብ ማታ አብረው ሊበሉ ቀጠሮ ነበራቸው። ምን እንደጻፈ ጠየቅሁት። «አሳማና መጠጥ የገባበት እንደማልበላ ነገርኳቸው፤ ካሁኑ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ መልስ መጣለት። አንዷ ባልደረባው የዓሣ ቤት ፈልጋ ደውላ ልትጠይቅ እንደምትችል ጽፋለች፤ ሌላው ደግሞ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከንም?» ብሏል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን ሐላልና ሐራምን በቃላቸው እንዲያውቁ እናስተምራለን፤ ይህ ግዴታችን ነው። ከዚያ ጋር ግን አጠያየቁንም እናስተምራቸው። ቀድሞ መናገርን፣ በለሆሳስ ሳይሆን በግልጽ፣ በትዕቢት ሳይሆን በአደብ መናገርን እናስለምዳቸው። ያልሆነውን ሲተዉ ያቀረበላቸውን ሰው ሳያሳዝኑ እንዲተዉ፣ የሆነውን ሲያገኙ አመስግነው እንዲበሉ እናሳያቸው። ይህ ትምህርት የሚጀመረው በኦሳካ አይደለም፤ በየቤታችን ገበታ ላይ ነው። ልጅ «ይህ ምንድን ነው እማዬ?» ሲል «ዝም ብለህ ብላ!» የሚለውን መልስ እንተው። ዛሬ እቤቱ ጠይቆ መልስ ያገኘ ልጅ፣ ነገ በሰው ሀገር ለመጠየቅ አንደበቱ አይታሰርም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን፤ በሩቅ ሀገር ያሉ ልጆቻችንን ዲናቸውን ሳያፍሩበት እንዲኖሩ ይርዳቸው፤ የታመኑ እጆችንም አያሳጣቸው። አሚን።